ይገድላል የሚሉትን ብናኝ ሰው እንዲተነፍሰው ማድረግ፦ የስምምነት ቅጹ ምን ማለት ነበረበት?

አጥቢያ ኮከብ (ውይይቱን የጀመረች)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። የዕለት ሥራዬ እንግሊዝኛ ለማይሰሙ አባቶችና እናቶች ሐኪሙ የሚላቸውን በአማርኛ ማድረስ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በምርምር እንዲሳተፉ ለተጠየቁ ሰዎች የስምምነት ቅጹን ከፊርማው በፊት አንብቤ አስረዳለሁ። በቅርቡ ከአየር ብክለት ጋር የተያያዘ የአንድ ጥናት ቅጽ ሳነብላቸው፣ አንዲት እናት እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ይህ ነገር ይገድላል ወይስ አይገድልም?» ብለው ጠየቁኝ። ስድስት ገጽ አንብቤ ነበር፤ መልሱ ግን በአንዱም ገጽ ላይ አልነበረም። እናቲቱ አልፈረሙም። ጥያቄያቸው ግን ከእኔ ጋር ቀረና ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርሁ።

ካነበብሁት ሁሉ ያሳሰበኝ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ኢፒኤ፣ በሰሜን ካሮላይና ቻፕል ሂል ከተማ ባለው ቤተ ሙከራ ያካሄዳቸው ጥናቶች ታሪክ ነው። በዚያ በጎ ፈቃደኞች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆነው ከውጭ አየር ተሰብስቦ እንዲጠነክር የተደረገ ደቃቅ ብናኝ፣ ወይም የናፍጣ ጭስ፣ ወይም ኦዞን ይተነፍሱ ነበር፤ የብናኙ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ደቃቅ ብናኝ የምለው ባለሙያዎች ፒኤም 2.5 የሚሉትን፣ ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውንና እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀውን ነው። ከተሳታፊዎቹ አንዷ የ58 ዓመት ሴት ነበሩ። ሙከራው ከተጀመረ 20 ደቂቃ ያህል ሲሆነው የልብ ምታቸው ተዛባ፤ ሙከራው ቆመ፤ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላም ምታቸው በራሱ ጊዜ ተስተካከለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ2011 በሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመውታል።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የኤጀንሲው ኃላፊ ሊሳ ጃክሰን ለአሜሪካ ምክር ቤት ቃላቸውን ሲሰጡ፣ ደቃቅ ብናኝ ሰው ያለጊዜው እንዲሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆነ ተናገሩ። ተቺዎች ወዲያው ሁለቱን ነገሮች አጣመሩና እንዲህ አሉ፦ ብናኙ በእርግጥ ገዳይ ከሆነ ኤጀንሲው ሰዎችን ለሞት አጋልጧል፤ ሙከራው አደገኛ ካልነበረ ደግሞ ለሕዝብ የተነገረው ተጋንኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቨርጂኒያ ክስ ተመሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በማግስቱ ዓመት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ ዘጋው፤ ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ፍርድ አላገኘም። እኔ ሁለቱን ወገኖች ሳነብ ውዬ አድሬ መወሰን አልቻልሁም። ሁለቱም አባባሎች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉን? የሚያውቅ እንዲያስረዳኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ቁጥር ወዳድ

እኅቴ፣ ጥያቄዎን በጥሩ ሁኔታ አቅርበዋል። የሥራ ዘርፌ ስታቲስቲክስ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። አዎ፣ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ስለ አንድ ሕዝብ የሚነገር ነገርና ስለ አንድ ሰው የሚነገር ነገር አንድ አይደሉም።

ለማስረዳት ያህል የፈጠርሁትን ምሳሌ ልስጥ። 10 ሚሊዮን ሰው በሚኖርባት ከተማ በቀን 100 ሰው ይሞታል እንበል። ብናኝ የበዛበት ቀን ሞትን በመቶ አንድ ቢጨምር በዚያ ቀን የሚሞተው 101 ሰው ነው። ለከተማዋ ጤና ቢሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲያ ቢሆን 365 ቀብር ይጨምራል። ከከተማዋ ነዋሪዎች አንዱን ለይተን «በዛሬው ቀን በአንተ ላይ የተጨመረው ሥጋት ስንት ነው?» ብንል ግን መልሱ ከ10 ሚሊዮን አንድ ነው። ሬሳው የሚበዛው ትንሹ ሥጋት በብዙ ሕዝብ ስለሚባዛ ነው። እንግዲህ የኤጀንሲው ኃላፊ የተናገሩት ስለ ከተማዋ ሲሆን፣ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት በጎ ፈቃደኛ ያሉበት ሁኔታ ግን የአንዱ ነዋሪ ነው።

የጊዜውም ርዝመት ሊታይ ይገባል። ብናኝ ዕድሜ ያሳጥራል ለሚለው ማስረጃ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በስድስት የአሜሪካ ከተሞች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ነው። 8,111 አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታተሉ። የማጨስና የሌሎች ነገሮች ተጽዕኖ በስሌት ከተቀነሰ በኋላ፣ በኦሃዮዋ የብረት ፋብሪካ ከተማ በስቱበንቪል የነበረው የሞት መጠን በዊስኮንሲን ካለችው ከፖርቴጅ በ26 በመቶ በልጦ ተገኘ። በሜትር ኩብ አየር ውስጥ የነበረው ደቃቅ ብናኝ በአንደኛዋ በአማካይ 29.6፣ በሌላዋ 11 ማይክሮግራም ነበር። ይህ የዓመታት ኑሮ ውጤት እንጂ የ2 ሰዓት አይደለም።

አጣዳፊ ጉዳት የለም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን ለ5 ቀን በከሰል ጭስ ስትታፈን 4,000 ያህል ሰው መሞቱ ያኔውኑ ታውቋል፤ በኋላ የተደረገው ግምት ቁጥሩን ወደ 12,000 ያደርሰዋል። ያን ጊዜ የሞቱት በአብዛኛው አስቀድሞ ልባቸውና ሳንባቸው የደከመ ሰዎች ነበሩ።

ማስረጃው የት አለ

የወንድሜን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ችግሩን ከሚገባው በላይ አቅልሎታል ብዬ አምናለሁ። እኔ የምጠራጠረው ብክለት የለም ብዬ ሳይሆን፣ ቁጥሮቹ ለሕዝብ ሲነገሩ ያላቸው እርግጠኝነትና በጥናቶቹ ውስጥ ያላቸው እርግጠኝነት አንድ ስላልሆነ ነው።

የስድስቱ ከተሞች ጥናት የምልከታ ጥናት ነው። ተመራማሪው ሰዎችን በዕጣ ለያይቶ ግማሹን ስቱበንቪል፣ ግማሹን ፖርቴጅ አላሰፈረም። በብረት ፋብሪካ ከተማ የሚኖር ሰው ሥራው፣ አመጋገቡ፣ ገቢውና የማጨስ ልማዱ ሁሉ ይለያል፤ በስሌት የሚቀነሰው የተለካው ልዩነት ብቻ ነው፤ ያልተለካው ባለበት ይቀራል። መረጃው ለረጅም ጊዜ ለውጭ ተመራማሪ ክፍት አለመሆኑም ጥርጣሬውን አባብሶታል። በእርግጥ ሃርቫርድ መረጃውን ለገለልተኛ ቡድን ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ዳግም ትንተና ያንኑ ውጤት አግኝቷል፤ ይህን መደበቅ አልሻም። ዳግም ትንተናው ግን የስሌቱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል እንጂ ያልተለካውን ነገር አይለካልንም።

ሌላው ነጥቤ ደንቡን የሚያወጣው፣ ለጥናቱ የሚከፍለውና በቻፕል ሂል ሙከራውን ራሱ ያካሄደው አንድ መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው። ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ምስክሩም አንድ ሲሆኑ መጠርጠር ነውር አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከውጭው አየር በብዙ እጥፍ የጠነከረ ብናኝ ተተንፍሶ ማንም አልሞተም። ይህ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ።

ሐኪም ዘጎንደር

«ማንም አልሞተም» በሚለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ይህ አባባል ከተጠራጣሪውም ከኤጀንሲው ወገንም ስለሚሰማ ነው። ወደዚያ ክፍል ይገቡ የነበሩት ተመርምረው፣ ደማቸው ታይቶ፣ የልብ ምታቸው ተነሥቶ ነው። ለንደን ላይ የሞቱት ዓይነት ሰዎች፣ ማለትም ልባቸው የደከመና ሳንባቸው የተጎዳ ሽማግሌዎች፣ ከበሩ ይመለሱ ነበር። መመለሳቸውም ተገቢ ነው። እንግዲህ ጥናቱ ለተሳታፊዎቹ ደኅና በሆነ መጠን፣ ስለ ደካሞቹ የሚነግረን ነገር ያንሳል። የተመረጡ ሰዎች ደኅና መውጣታቸው ብናኙ ደካሞቹን እንደማይገድል ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች ኮሚቴ እነዚህን ጥናቶች መርምሯል። ከ2009 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በ297 ሰዎች ላይ ከተደረጉት 845 የመተንፈስ ሙከራዎች መካከል ያልተጠበቀ ከባድ ችግር የገጠመው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከላይ የተጠቀሱት ሴት ጉዳይ ነው። ኮሚቴው ጥናቶቹ ሌላ መንገድ ሊሰጥ የማይችለውን ዕውቀት እንዳስገኙ፣ በተሳታፊዎቹ ላይ ከባድ ጉዳት የማድረስ ሥጋታቸውም ዝቅተኛ እንደሆነ ደመደመ። የስምምነት ቅጹ ሥጋቱን በሚገባ ቋንቋ እንዲገልጽም አሳሰበ።

«ሌላ መንገድ ሊሰጥ የማይችለው ዕውቀት» ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ኦዞንን ማየት ይበቃል። አይጥ እንደ ሰው አይተነፍስም፤ ሳንባዋም እንደኛ አልተሠራም። የከተማ ጥናት ደግሞ ኦዞኑን ከሙቀቱና ከብናኙ ለይቶ ማሳየት ይቸግረዋል። ጤናማ ወጣቶች በክፍል ውስጥ ለ6.6 ሰዓት አካላቸውን እያንቀሳቀሱ የታወቀ መጠን ያለው ኦዞን ሲተነፍሱ ግን፣ በየትኛው መጠን ላይ ሳንባቸው አየር የመሳብ አቅሙ እንደሚቀንስና ደረታቸውን እንደሚያማቸው ይታወቃል። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2015 የኦዞንን ወሰን ከቢሊዮን 75 እጅ ወደ 70 እጅ ሲያወርድ ዋናው መሠረቱ እንዲህ ያለ ጥናት ነበር፤ በ72 እጅ ላይ ጤናማ ወጣቶች እንኳ መታመማቸው ታይቷልና። ያ ሕመም በሰዓታት ውስጥ የሚያልፍ ነው። እነዚያ ወጣቶች ለጥቂት ሰዓት ደረታቸውን ስላመማቸው፣ አስም ያለበት ልጅ በበጋ ቀን የሚተነፍሰው አየር ወሰን ተበጅቶለታል። ስለዚህ ፈቃደኞቹን አመሰግናቸዋለሁ እንጂ እንደ ሰለባ አላያቸውም።

ማስረጃው የት አለ

ዶክተር፣ ስለ ተመረጡት ተሳታፊዎች ያሉት ትክክል ነው፤ «ማንም አልሞተም» የሚለውን እንደ ማስረጃ ማቅረቤን እተዋለሁ። ነገር ግን የዚያን የአካዳሚዎች ጥናት ወጪ የሸፈነው ራሱ ኢፒኤ መሆኑ ለአንባቢ ሊነገር ይገባል። ድምዳሜው ሐሰት ነው አልልም፤ የገንዘቡን ምንጭ ማወቅ ግን የአንባቢው መብት ነው።

የሕግ ነገር

የገንዘብ ምንጭ ከተነሣ ዘንድ በሁለቱም ወገን እናንሣው። ይህን ክርክር በአደባባይ ያራገቡት ዋናው ሰው ስቲቭ ሚሎይ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይመሩት የነበረው ድርጅት በትምባሆ አምራቹ በፊሊፕ ሞሪስ ገንዘብ የተቋቋመ እንደነበር ከኩባንያው የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል። የድርጅቱ ዓላማ የሌላ ሰው የትምባሆ ጭስ ይጎዳል በሚለው ሳይንስ ላይ ጥርጣሬ መዝራት ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬ ሁሉ ከንጹሕ ልብ የመነጨ ነው ብለን አንቀበል። እንዲህም ሆኖ ጥያቄው የቀረበው ከማንም ይሁን ከማን፣ መልስ የሚያስፈልገው ከሆነ መልስ ያስፈልገዋል።

መልስ የሚያስፈልገው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1947 የናዚ ሐኪሞች በተፈረደባቸው ችሎት የወጣው የኑረምበርግ ሕግ 10 ነጥቦች አሉት። የመጀመሪያው የተሳታፊው ነጻ ፈቃድ ፈጽሞ አስፈላጊ ነው ይላል፤ 5ኛው ደግሞ ሞት ወይም አካለ ጎደሎነት ይደርሳል ተብሎ አስቀድሞ የሚታመንበት ሙከራ መደረግ የለበትም ይላል። ከሳሾቹ የተመረኮዙት በዚህ በ5ኛው ነው። በእኔ አስተያየት ተሳስተዋል፤ «ቁጥር ወዳድ» እንዳስረዱት በ2 ሰዓት ውስጥ የተመረመረ ሰው ይሞታል ብሎ ለማመን ምክንያት አልነበረም። የመጀመሪያውን ነጥብ ይዘው ቢከራከሩ ግን ጠንካራ መሬት ላይ ይቆሙ ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳ። የኤጀንሲው የራሱ የኢንስፔክተር ጄኔራል ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 መጨረሻ ሪፖርት አወጣ። የታዩት በ2010 እና በ2011 በ81 ሰዎች ላይ የተደረጉ 5 ጥናቶች ነበሩ። ተሳታፊዎቹ ሁሉ ፈርመዋል። ነገር ግን ከ5ቱ ቅጾች ተሳታፊው የሚተነፍሰው ብናኝ ከፍተኛው መጠን ስንት እንደሆነ የነገረው አንዱ ብቻ ነበር። በዕድሜ የገፉና የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ ያስጠነቀቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የናፍጣ ጭስ የተተነፈሰባቸው ጥናቶች ቅጾች ደግሞ ጭሱ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ካንሰር ያመጣል ስለሚባለው ነገር አላነሡም፤ ለአጭር ጊዜ መተንፈስ ሥጋቱ እጅግ አነስተኛ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ መሥሪያ ቤት ለምክር ቤቱ ሲናገር «ሞት» የሚለውን ቃል ተጠቅሟል። በዚያው ዘመን ከ5ቱ ቅጾች በ3ቱ ላይ ግን ቃሉ ለፈራሚው አልተነገረውም። ትንሽ ሥጋት መሆኑ ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም፤ ትንሽነቱን መዝኖ የሚወስነው ሳንባውን የሚያበድረው ሰው ነውና።

ይህ ከባድ ቃል ከመሰላችሁ፣ ከአካባቢ ጤና ምርምር ታሪክ ሁለት ነገሮችን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በባልቲሞር የኬኔዲ ክሪገር ኢንስቲትዩት የእርሳስ ቀለም ያለባቸውን ቤቶች በተለያየ ደረጃ በከፊል አጽድቶ፣ በቤቶቹ የሚኖሩትን ሕፃናት ደም እየለካ የትኛው ደረጃ እንደሚበቃ ያጠና ነበር። ቤተሰቦች የቤታቸው አቧራ የምርመራ ውጤት በግልጽና በጊዜው አልተነገረንም ብለው ከሰሱ። የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ክሱ እንዲቀጥል ሲፈቅድ፣ ጉዳዩን በአላባማ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁሮች ሳይታከሙ ከታዩበት ከተስኪጊ ጥናት ጋር አነጻጽሮታል። ከዚያ በ2004 ኢፒኤ ራሱ በፍሎሪዳ በዱቫል አውራጃ ቤታቸው ፀረ ተባይ የሚረጩ ቤተሰቦችን ሕፃናት ለ2 ዓመት ሊከታተል አስቦ፣ 970 ዶላርና የቪዲዮ ካሜራ ለቤተሰቡ እንዲሰጥ አቀደ፤ ከኬሚካል አምራቾች ማኅበርም 2 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። ቁጣ ተነሣና በሚያዝያ 2005 ተሰረዘ። በማግስቱ ዓመት ኤጀንሲው ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ሆን ብሎ ለብክለት የሚያጋልጥ ጥናት የሚከለክል ደንብ አወጣ። በሁለቱም ጉዳዮች የተሳታፊዎቹ ፊርማ በቅጽ ላይ ነበረ ወይም ሊኖር ታቅዶ ነበር።

አጥቢያ ኮከብ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሕግ ባለሙያው የጻፉትን ሳነብ የእኒያን እናት ጥያቄ በሌላ ዓይን አየሁት። ጥያቄያቸው የዋህ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መሥሪያ ቤቱ በ3 ቅጾች ላይ የዘለለውን ቃል ነበር የጠየቁኝ።

ከእኔ ሙያ አንድ ችግር ልጨምር። እንግሊዝኛው ቅጽ በአንድ ቃል የሚጠራውን ነገር አማርኛችን በብዙ ቃል ይከፋፍለዋል። «አደጋ» ብዬ ስተረጉም አድማጩ መኪና የተገለበጠ ያህል ይደነግጣል፤ የደረሰ ነገር ይመስለዋልና። «ሥጋት» ስል ደግሞ የልብ ፍርሃት እንጂ በውጭ ያለ ነገር አይመስለውም። «ጉዳት» ካልሁ እርግጠኛ የሆነ ነገር ተናገርሁ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ «ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ሊያገኝዎ ይችላል» ብዬ አልፋለሁ፤ ይህም ከመቶ 50ውን ይሁን ከሚሊዮን አንዱን አይለይም። «ቁጥር ወዳድ» የሰጡትን የከተማዋን ምሳሌ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ብጠይቅ የሚሰጠኝ የለም።

የእንጨት ጭስ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ለዓመታት በገጠር ማድ ቤቶች ውስጥ ጭስ ስንለካ ቆይተናል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መለኪያችን የሚያሳየው ቁጥር ቻፕል ሂል ውስጥ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊፈቅደው የማይችል ነው፤ ያን ጭስ የምትተነፍሰው ሴት ግን ቅጽ አልቀረበላትም፤ ሕፃኑም በጀርባዋ ነው። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ጭሱን ከምትለኩት ምድጃ ብታመጡልን ምን አለበት?» ያሉኝ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። መለካት ብቻውንም የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት።

ወደ ክርክሩ ልመለስና፣ «ማስረጃው የት አለ» የጠየቁት በዕጣ የተለየ ጥናት በእኛ ዘርፍ ተሠርቷል። ዘዴው ሰውን ለጭስ ማጋለጥ ሳይሆን ከጭስ ማውጣት ነው። በጓቴማላ ደጋማ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 534 ቤተሰቦች በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ወዲያው ተሰጣቸው፤ የቀሩት ጥናቱ ሲያልቅ አገኙ። ውጤቱ በ2011 ታተመ፦ ሐኪም ያረጋገጠው የሳንባ ምች በጠቅላላው ቢቀንስም ቅናሹ በስታቲስቲክስ አስተማማኝ አልነበረም፤ ከባዱ የሳንባ ምች ግን በሲሶ ያህል ቀንሷል። ከዚያ በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት የተሻሻለ ምድጃ በሳንባ ምች ላይ ምንም ለውጥ እንዳላመጣ በ2016 አሳወቀ። በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ያህል ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት የጋዝ ምድጃ ጥናትም በ2024 ባወጣው ውጤት በሕፃናት ከባድ የሳንባ ምች ላይ ልዩነት አላገኘም።

እነዚህን ውጤቶች ሳነብ አዘንሁ። ዕድሜዬን የሰጠሁት ጭስ ሕፃናትን ይገድላል በሚለው ላይ ነውና። ይሁን እንጂ ልደብቃቸው አልችልም፤ ለተማሪዎቼም የማስተምረው እነርሱን ጭምር ነው። ምናልባት ጭሱ በሚገባው መጠን ስላልቀነሰ ነው፤ ምናልባት የጎረቤት ጭስና የመንገድ ብናኝ ስለቀረ ነው፤ ምናልባት ደግሞ ለሳንባ ምች ጭስ ካሰብነው ያነሰ ድርሻ አለው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ተጨማሪ ጥናት ነው። ለዚያች እናት ግን ጭሱ ዓይኗን እንዳያቃጥላት ብቻ እንኳ ምድጃ ይገባታል እላለሁ፤ ይህን ለማለት የሬሳ ቁጥር አያስፈልገኝም።

ማስረጃው የት አለ

ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በራሱ ሥራ ላይ የተገኘውን የማያስደስት ውጤት እንዲህ የሚያወጣ ተመራማሪ ሲያጋጥመኝ፣ በሌላ ጊዜ «ይጎዳል» ሲለኝ አምነዋለሁ። ከኤጀንሲዎች የጠየቅሁትም ከዚህ የበለጠ አይደለም።

በአቋሜ የሚቀረውን ልናገር። ብናኝ ዕድሜ ያሳጥራል የሚለውን ባለፉት 30 ዓመታት የተጠራቀመውን ማስረጃ አይቼ እቀበላለሁ፤ በዝቅተኛ መጠን ላይ በዓመት ይህን ያህል ሺሕ ሰው ይሞታል ተብሎ በአንድ ቁጥር ሲነገር ግን ከቁጥሩ ጋር የጥርጣሬው ስፋት አብሮ እንዲነገር እፈልጋለሁ። ሙከራው በኑረምበርግ 5ኛ ነጥብ ወንጀል ነው የሚለውን ክርክር ትቻለሁ።

ሐኪም ዘጎንደር

እኔም የተናገርሁትን ላርም። ፈቃደኞቹን «እንደ ሰለባ አላያቸውም» ብዬ ነበር። ምን ያህል እንደሚተነፍስ ሳይነገረው የገባው ሰው ግን የእኔን ምስጋና ሳይሆን መረጃውን ነበር የሚፈልገው። ያ የ2014 ሪፖርት ለተማሪዎቻችን ሊነበብ ይገባል።

አጥቢያ ኮከብ

እንግዲህ ካስተማራችሁኝ ተነሥቼ፣ እኒያ እናት ሲጠይቁኝ እንዲህ ተብሎ በተጻፈልኝ ኖሮ የምለውን አንድ አንቀጽ ሞክሬያለሁ። እባካችሁ አርሙት፦

«የሚተነፍሱት ብናኝ በከተማ አየር ውስጥም ያለ ነው። ለዓመታት ሲተነፈስ ዕድሜ እንደሚያሳጥር ይህን ጥናት የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት ራሱ ለሕዝብ ተናግሯል። እርስዎ የሚተነፍሱት ለ2 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ ብለን አናስብም። ነገር ግን በዕድሜ የገፉና ልባቸው የታመመ ሰዎች ብናኝ በበዛበት ቀን የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ከዚህ በፊት አንዲት ተሳታፊ የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሙከራው ቆሟል፤ በኋላም ድነዋል።»

ቁጥር ወዳድ

እኅቴ፣ ይህ ከብዙ ቅጾች የተሻለ ነው። አንድ ቃል ብቻ ይከብደኛል። «የመሞት ዕድላቸው» ብለዋል፤ እኛ ባለሙያዎቹ ያስለመድነው አነጋገር ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። ለእናቶቻችን ዕድል ማለት እግዚአብሔር የሰጠው ጽዋ ወይም መልካም አጋጣሚ ነው፤ «የመሞት ዕድል» ሲባል ወይ አይገባቸውም ወይ የተጻፈ ነገር ስለሆነ መመካከር የለበትም ብለው ይሰሙታል። «ብናኝ በበዛበት ቀን ከሌላው ቀን ይልቅ ጥቂት ተጨማሪ ሰዎች ይሞታሉ» ቢሉት ሰው ይቆጠራል።

ማስረጃው የት አለ

መጠኑም ይጻፍበት። በክፍሉ ውስጥ የሚኖረው ከፍተኛው ብናኝ ስንት እንደሆነ፣ በከተማቸው በተራ ቀን ካለው ስንት እጥፍ እንደሚሆን። 35 ማይክሮግራም የሚለው ኤጀንሲው ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን ለብቻው ቢነገራቸው ምንም አይላቸውም፤ «ከቤትዎ ደጅ ካለው አየር ይህን ያህል እጥፍ» ግን ይላቸዋል።

የሕግ ነገር

አንቀጹ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ ሰውን በምርምር ስለማሳተፍ የሚደነግገው የተሻሻለው የፌዴራል ደንብ ለመወሰን የሚያስፈልገው ዋናው ነገር በቅጹ መጀመሪያ ላይ በአጭሩ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ስለዚህ ይህን መጠየቅ መብት ነው።

አጥቢያ ኮከብ

ሦስቱንም እርማት ወስጃለሁ። «ዕድል» ወጥቶ «ብናኝ በበዛበት ቀን፣ በዕድሜ ከገፉትና ልባቸው ከታመመው መካከል ከሌላው ቀን ይልቅ ጥቂት ተጨማሪ ሰዎች ይሞታሉ» ተብሏል፤ የመጠኑንም ቦታ ክፍት ትቼ በመጀመሪያው ገጽ አስቀምጬዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ቅጽ ሲሰጠኝ ከማንበቤ በፊት ለጥናቱ አስተባባሪ ይህን አንቀጽ አቅርቤ «ክፍቱን ቦታ ሙሉልኝ» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚሰጡኝን መልስ እዚሁ እጽፋለሁ።